አዲሷን ጂአር86 ልነካካት ወይስ እንዳለች ልንዳት?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። ቶዮታ ጂአር86 የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ሞተሯን አትንኩ። ቢያንስ ዋስትናዋ እስኪያልቅ ድረስ ተዉት። እጃችሁ ላይ ትርፍ ገንዘብ ካለ ጎማ ላይ፣ ፍሬን ላይ እና የመንዳት ትምህርት ላይ አውሉት።

ይህን የምለው መኪና መነካካት የማይወድ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ። በጣም እወዳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ዝቅ ያለች፣ ቸርኬዋ የተቀየረ፣ ማርሚታዋ የሚያጓራ ዲኤክስ ስታልፍ አንገቴን ሳላዞር ቀርቼ አላውቅም። ይቺን መኪና ከገዛሁ ወዲህም ማታ ማታ ስልኬ ላይ የዕቃ ዋጋ ሳገላብጥ ነው የማመሸው። ስለዚህ ጥያቄው የኔም ነው፣ በቁም ነገር የያዝኩት ጥያቄ ነው።

ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ህጉም ዋጋውም የዚህ ሀገር ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መኪናዋን ለማታውቁ በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ቶዮታ እና ሱባሩ አብረው የሰሯት ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። የምትሰራው ጃፓን፣ ጉንማ ባለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ሱባሩ በራሱ ስም የሚሸጣት መንትያዋ ቢአርዚ ትባላለች። የመጀመሪያው ትውልድ በ2012 ወጣ፤ ያኔ እዚህ አሜሪካ የምትሸጠው ሳየን በሚለው ስም ነበር። የአሁኗ ሁለተኛ ትውልድ በ2022 ሞዴል ገባች። 86 የሚለው ቁጥር የተወረሰው በ1980ዎቹ ከነበረችው ኮሮላ ኤኢ86 ነው፣ ቀላል ሆና ከኋላ ጎማ የምትነዳ ኮሮላ። ዲኤክስ እያየ ላደገ ሀበሻ እንግዳ አይደለችም፤ ዘመድ ናት።

ስትመጣ የተለጠፈባት ዋጋ ያለማጓጓዣው 27 ሺ 700 ዶላር ነበር፣ ፕሪሚየም የምትባለው ደግሞ 30 ሺ 300። ዛሬ ትንሿም፣ ማለትም ርካሿ ሞዴል፣ ከነማጓጓዣው ከ30 ሺ ዶላር በላይ ናት። አንዳንድ ሻጮች በተለጠፈው ዋጋ ላይ "የገበያ ማስተካከያ" ብለው ሌላ ብር ይጨምራሉ። አንዱ ጋ ገብቼ ወረቀቱ ላይ ያንን መስመር ሳየው አመስግኜ ወጣሁ። እናንተም ውጡ። ያ ጭማሪ ምንም አይሰጣችሁም፤ የአራት ጎማ እና የፍሬን ሸራ ዋጋ ነው በከንቱ የሚሄደው።

አሁን ወደ መኪናዋ። ሞተሯ 2.4 ሊትር ቦክሰር ነው፣ 228 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 7 ሺ ዙር ላይ ይሰጣል። አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም። ቦክሰር ማለት ፒስተኖቹ ቆመው ሳይሆን ግራና ቀኝ ተኝተው የሚሰሩበት ሞተር ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነ ኮፈኑ ስር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የመኪናዋም ክብደት ወደ መሬት ይጠጋል። ክብደቷ ራሱ 2 ሺ 800 ፓውንድ ገደማ ነው፣ 1 ሺ 280 ኪሎ አካባቢ። ዛሬ በዚህ ክብደት አዲስ መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይሄ ነገር ኩርባ ላይ በወሬ ሳይሆን በወገብ ይታወቃል። ከ495 ሀይዌይ ወርዳችሁ ወደ 66 ሀይዌይ የሚያዞረውን መታጠፊያ በተፈቀደው ፍጥነት እንኳን ስትይዙት መሪው የአስፋልቱን ሸካራነት እስከ መዳፋችሁ ያደርሰዋል፣ የኋላ ጎማ ሲገፋ ከወንበሩ ስር ይሰማችኋል፣ ከሁለት ወደ ሶስት ስትቀይሩ ማርሹ አጭር መንገድ ሄዶ ቀጭ ብሎ ይገባል። ፍሪሲዮኑ ቀላል ነው፣ ትራፊክ ውስጥ እግር አያደክምም። በእጅ ማርሽ ግዟት። አውቶማቲክም አላት፣ ግን ግማሹን ደስታ አስቀርታችሁ ነው የምትሄዱት።

ደግሞ አስቡት፣ ድሮ ሰው ለብቻው ገዝቶ የሚያስገጥመው ዕቃ ይቺ ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ ነው የሚመጣው። ቶርሰን የሚባለው ዲፈረንሻል አለ፤ አንዱ የኋላ ጎማ መያዣ ሲያጣ ጉልበቱን ለሌላኛው ያካፍላል። ትራክ የሚል ቁልፍ አላት፤ ሲጫኑት ከፊት ያለው ማሳያ የሞተሩን ዙር አጉልቶ ያወጣል፣ መኪናዋን ከመንሸራተት የሚጠብቀው ኤሌክትሮኒክስም እጁን ላላ ያደርጋል። ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ፕሪሚየሟ ላይ የብሬምቦ ፍሬን እና የሳክስ ሾክ አብዞርበር ያለበት ፓኬጅ ማዘዝ ይቻላል። ገና ያልገዛችሁ ሰዎች ይሄን ልብ በሉ። በኋላ በውጪ ዕቃ ከመልፋት ከመነሻው ይሄን ማዘዝ በብዙ ይሻላል፣ ዋስትናውም አብሮት ይመጣል።

የማልወድላትም ነገር አለ። ሀይዌይ ላይ የጎማው ድምፅ ይገባል፣ ረጅም መንገድ ላይ ጆሮ ያደክማል። ቤንዚኗ ውዱ ነው፣ ፕሪሚየም የሚባለው፤ ሞተሯ የሚያፍነው አየርና ቤንዚን 12.5 ለ 1 ስለሚታመቅ ርካሹን አይችልም። የኋላ ወንበሩ ለሰው አይሆንም። እዚሁ ቨርጂኒያ ዳለስ ኤርፖርት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ከነሁለት ሻንጣው እቀበላለሁ ካላችሁ የሌላ ሰው መኪና ተዋሱ። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን አራት ጎማ ይይዛል፣ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው፣ ባለቤቱ ትርፍ ጎማ ጭኖ ወደ ውድድር ሜዳ እንዲሄድ። ሌላው የማልወደው በስፒከር የሚጨመረው የሞተር ድምፅ ነው። እውነተኛው ድምፅ አይበቃም ብለው ሌላ ጨምረውበታል። ይሄንን የሚያጠፉት ሰዎች አሉ፣ ስህተት ናቸው አልልም፣ ብርም አያስወጣም።

ሰው ገና ቁልፉን እንደተቀበለ የሚጠይቀው ግን ስለ ሞተሩ ነው። "ሄደር እና ቲዩን ላስገባላት?" ይላል። ሄደር ጭሱን ከሞተሩ የሚያወጣው ቱቦ ነው፣ ቲዩን ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል። ይሄ ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅ አለባችሁ። የመጀመሪያዋ ትውልድ 2.0 ሊትር ነበረች፣ 200 ከዚያም 205 ፈረስ። መሀል ዙር ላይ፣ ከ3 ሺ 500 እስከ 4 ሺ 500 ባለው ውስጥ፣ ሞተሩ ይደክም ነበር። ቤንዚኑን ትረግጣላችሁ፣ መኪናዋ ታመነታለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትነሳው። ሰው ተማረረ፣ ልክም ነበር። የጭስ መውጫውን ቀይሮ ኮምፒውተሩን ሲያስተካክል ያ ድካም ይቀንስለት ነበር። ምክሩ ያኔ ምክንያት ነበረው።

አዲሷ ላይ ግን ያ በሽታ ታክሟል። ሞተሩ ወደ 2.4 ሊትር አድጓል፣ ድሮ ከ6 ሺ 400 ዙር በላይ ይገኝ የነበረው ከፍተኛው የመጎተት አቅም አሁን በ3 ሺ 700 ላይ ይገኛል። ማለትም ከተማ ውስጥ በየቀኑ በምትነዱበት ዙር ላይ። ከአስር ዓመት በፊት ለሌላ ሞተር የተሰጠ መድኃኒት ለዚህ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው። አየር ማስገቢያ እና ማርሚታ ብቻ መቀየር ደግሞ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የሚጨምረው ጥቂት ፈረስ ነው። ድምፁ ይጨምራል፣ ስለዚህ ፈጣን የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሰዓት ብትይዙ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚያ ዋስትና አለ። ቶዮታ ለመኪናዋ በሙሉ 3 ዓመት ወይም 36 ሺ ማይል፣ ለሞተር እና ለማርሽ ክፍሉ ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60 ሺ ማይል ዋስትና ይሰጣል። ብዙ ሰው "የውጪ ዕቃ ከገጠምክ ዋስትናህ በሙሉ ይሰረዛል" ይላል። ልክ አይደለም። ማግኑሰን ሞስ የሚባለው የ1975 የፌደራል ህግ ኩባንያው የውጪ ዕቃ ስላየ ብቻ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ ብልሽቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ቸርኬ ስለቀየራችሁ ሬዲዮው ሲበላሽ አንሰራም ሊሏችሁ አይችሉም።

ሞተሩ ጋ ስንመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ኮምፒውተሩ ሲነካ አሻራ ይተዋል። ሞተሩ የተበላሸ ቀን የመጀመሪያ ስራቸው እሱን ማንበብ ነው። ከዚያ በኋላ "በናንተ ቲዩን ነው" "አይ በናንተ ሞተር ነው" ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ፤ ህጉ ከናንተ ጋር ቢሆን እንኳ መኪናዋ ለወራት ቆማ የባንክ ክፍያው እየቆጠረ ነው። ህግ አለ ማለትና ህጉን ማስከበር ይለያያል፣ ሁለተኛው ጠበቃና ጊዜ ይፈልጋል።

ይህ ተራ ስጋት አይደለም፣ ይህ ሞተር የራሱ ጉዳይ አለው። ሲገጣጠም ክፍሎቹን የሚያጣብቀው የማሸጊያ ሲሊኮን ከልክ በላይ ተቀብቶ፣ ቁራጩ ተላቅቆ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ እንደሚከማች ብዙ ባለቤቶች ካርተሩን ፈትተው ፎቶ አንስተው አሳይተዋል። ሌላም አለ። ውድድር ሜዳ ላይ በሚይዝ ጎማ፣ ረጅም የቀኝ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲቆይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። በ2022 አንድ ባለቤት ሞተሩ ተበላሽቶበት፣ መኪናዋን ሲያንሸራትት የሚያሳይ ፎቶ ስለተገኘ ዋስትናው ተከልክሎ ነበር፤ ነገሩ በሰፊው ከተወራ በኋላ ነው ቶዮታ ሀሳቡን ቀይሮ ሊሸፍን የተስማማው። ያ ሰው የተከራከረው ፎቶ ላይ ነው። እናንተ የተነካ ኮምፒውተር ይዛችሁ ብትሄዱ ምን እንደሚሆን ገምቱ።

ለዚህ ነው ሞተሯ ንፁህ ሆና ትቆይ የምለው። ንፁህ ሞተር ይዛችሁ ስትሄዱ አፋችሁን ሞልታችሁ ነው የምትናገሩት።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ አንድ ሀበሻ መካኒክ አሉ። መኪናዋን ላሳያቸው ሄጄ ዞረው ዞረው አዩዋት፣ ጎንበስ ብለው ከስር ተመለከቱ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሯን ባስነካውስ?" አልኳቸው።

"ስንት ማይል ሄዳለች?"

"አንድ ሺም አልሞላች።"

"ታዲያ ምኗ አስቸገረህ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ምኗን ልስራልህ? ሂድና ንዳት። የሚያስቸግርህ ነገር ስታገኝ እሱን ይዘህ ና፣ እሱን ብቻ እንሰራለን።"

ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የያዝኩት ይሄንን ነው። ስራ ሊያገኙ የሚችሉ ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት፣ ብሬን እምቢ ብለው ነው የላኩኝ። ደግሞ የመኪናዋ መመሪያም ከሳቸው ጋር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 1 ሺ ማይሎች በኃይል አትንዱ፣ ድንገት ቤንዚን አትርገጡ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻም አትቆዩ ይላል። ዕቃው እስኪላመድ ድረስ የሞተሩን ሙሉ አቅም አታዩትም ማለት ነው። ያላያችሁትን ነገር አነሰኝ ማለት አይቻልም።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን አንድ በአንድ ልሂድበት፣ ምኑ ያስቸግራል፣ ምኑ አያስቸግርም።

ማርሚታ አያስቸግርም። ከፋብሪካ የመጣው ዝም ያለ ነው፣ እሺ፣ ጥሩ ድምፅ የሚያምረው ሰው ይገባኛል። ጭሱን ከሚያጣራው ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በኋላ ያለውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ከ800 እስከ 1 ሺ 500 ዶላር ያስወጣል። ካታሊቲኩን ማውጣት ግን በፌደራል ህግ ክልክል ነው፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ያለውን የጭስ ምርመራም አታልፉም። ደግሞ ከ2022 ጀምሮ እዚህ ፖሊስ ማርሚታችሁ ስለጮኸ ብቻ ሊያስቆማችሁ ይችላል። ንጋት ላይ ለስራ የምትወጡ፣ አፓርትመንት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ጎረቤትም አለ። ፎቅ ላይ ህፃን ያላት እናት አለች። የኔ መልስ ይቅር ነው።

ማውረድም ያው ነው። አጭር ሞላ ገዝቶ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ በጣም ያምራል፣ ጎማና መከላከያው መሀል ያለው ክፍተት ሲጠፋ መኪናዋ ሌላ ትሆናለች፣ አልክድም። ግን ከፋብሪካ የመጣው ሾክ አብዞርበር የተሰራው ለራሱ ሞላ ነው። ሞላውን ብቻ ስታሳጥሩ ሾኩ ቦታ ያጣል፣ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ሄዶ ይመታል፣ ያ ምቱ ወገባችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። በረዶ ካለፈ በኋላ የዚህ አካባቢ አስፋልት እንዴት እንደሚቦረቦር ታውቃላችሁ። በትክክል መስራት ከፈለጋችሁ ሾኩንም ሞላውንም አንድ ላይ መቀየር ነው፤ ደህናው ከ1 ሺ እስከ 2 ሺ 500 ዶላር ይሄዳል፣ የመግጠሚያው እና የጎማ አላይመንቱ ለብቻ። ርካሹን ከመግጠም ምንም አለመንካት ይሻላል። ይቺ መኪና የሚያምርባት አያያዟ ነው፣ እሱን አበላሽቶ ለፎቶ ማሳመር አይዋጥልኝም።

አሁን የሚያስቸግረው ላይ ደረስን፤ ጎማ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ከሁሉ የሚዘለው ይሄንን ነው። መኪናዋ ከመሬት ጋር የምትገናኘው በአራት መዳፍ በሚያህል ላስቲክ ብቻ ነው። ማፍጠኑም፣ ማዞሩም፣ ማቆሙም በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። 500 ፈረስ ብትጨምሩ ጎማው ካልያዘ ጭስ ነው።

ትንሿ ሞዴል 17 ኢንች ቸርኬ ላይ ሚሼሊን ፕራይመሲ ይዛ ትመጣለች፣ ለሰላማዊ ሰው የተሰራ ጎማ ነው። ቶሎ ይንሸራተታል፤ አንዳንዱ ለጨዋታ ይወደዋል፣ ዝናብ ላይ ግን ልብ ያስደነግጣል። ፕሪሚየሟ 18 ኢንች ላይ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4 ነው የምታደርገው፣ ስፋቱ 215 ሚሊሜትር። እሱ ሌላ ዓለም ነው። ትንሿን ከገዛችሁ የመጀመሪያው ብራችሁ ወደዚህ ይሂድ። ጥሩ የስፖርት ጎማ አራቱም ከነመግጠሚያው ወደ 1 ሺ ዶላር ይጠጋል። ያንኑ ብር ማርሚታ ላይ ካወጣ ሰው ጋር ኩርባ ላይ ብትገናኙ ልዩነቱን እሱም ያየዋል።

ይሄኛው ጎማ ግን የበጋ ጎማ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ፣ በዚህ ሀገር ልኬት 45 ማለት ነው፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጡ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ራሱ ኋላዋ ሊሸሽ ይችላል። በረዶ ላይማ በጭራሽ እንዳታስቡት። ከኋላ ጎማ የምትነዳ ቀላል መኪና ናት። ስለዚህ ከቸርኬው ጋር ሁለተኛ የበረዶ ጎማ ያዙ፣ ቡሎኑ 5 በ100 ነው (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ)፣ ያገለገለ ቸርኬ በርካሽ ይገኛል። ይሄ የሚያኮራ ወጪ አይደለም፣ ፎቶ የሚነሳም አይደለም። ህይወት ግን ያተርፋል።

ቸርኬ ለመቀየር ካላችሁ ቀለል ያለውን ፈልጉ። 19 ኢንች ከባድ ቸርኬ መግጠም መኪናዋን ያሳምራታል፣ ግን እያንዳንዱ ጎማ ላይ ክብደት ትጨምራላችሁ፣ መሪውም ይደነዝዛል። በጣም ሰፊ ጎማም እንዲሁ፤ 225 ወይም 235 ይበቃል። ከዚያ በላይ 228 ፈረሷ ሊጫወትበት አይችልም።

ሁለተኛው ፍሬን ነው፣ እሱም ሜዳ ላይ ለመንዳት ካሰባችሁ ብቻ። ለከተማ የመጣው ይበቃል። ሜዳ ላይ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉ እግራችሁ ስር ስፖንጅ ይሆንና ወደ ወለሉ ይሄዳል። ያ ስሜት ከመጣ በኋላ የሚቀረው ጸሎት ነው። ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይት እና የተሻለ የፍሬን ሸራ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ትልልቅ ቀይ ፍሬን መግዛት አያስፈልግም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ራሳችሁ ናችሁ። ቶዮታ ለእያንዳንዱ የአሜሪካ ጂአር86 ገዢ የናሳ የአንድ ዓመት አባልነት እና አንድ ነፃ የመንዳት ትምህርት ቀን ይሰጣል። ናሳ ስል የጠፈሩ አይደለም፣ ናሽናል አውቶ ስፖርት አሶሲዬሽን ነው። ይሄንን ሳይጠቀሙ የሚያልፉት ብዙ ሰዎች እንዳሉ ሳስብ ያናድደኛል። በነፃ የተሰጠ ነገር ነው! ለኛ የሚቀርበው ሰሚት ፖይንት ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፤ 2 ማይል ርዝመት ያለው ሜዳ ነው። አስተማሪ ጎናችሁ ተቀምጦ "አሁን ፍሬን፣ አሁን ልቀቅ፣ ዓይንህን ወደ መውጫው ላክ" ይላችኋል። ሰው መኪናዋ አዘገመች ብሎ የሚያማርርበት ኩርባ ላይ ያ አስተማሪ የራሳችሁን ያልተቀየረች መኪና ይዞ እንዴት እንደሚሄድ ስታዩ የዕቃ ዝርዝራችሁ ግማሹ በራሱ ይሰረዛል።

ከቶዮታ ውጪም ስፖርትስ ካር ክለብ ኦቭ አሜሪካ በሰፊ ፓርኪንግ ላይ ኮን ደርድሮ የሚያወዳድርበት ነገር አለ። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ የሚጋጩበት ነገር የሌለበት፣ ለጀማሪ ምቹ ነው። ለቤተሰባችሁ ልብ ሰላምም ይሄ ይሻላል።

መንገድ ላይ ግን እባካችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራት እና እስከ 2 ሺ 500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የምትጠብቁ ልጆች ይሄን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የወንጀል መዝገብ ማመልከቻው ላይ ይጠየቃል። ራዳር የሚያሳውቀው ዕቃም እዚህ ግዛት ክልክል ነው፣ እንዳትገዙ።

ትናንሾቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የመስታወት ቲንት አስደርጉ፣ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ የፊት ጎን መስታወቶች ቢያንስ 50 በመቶ ብርሃን፣ የኋላዎቹ ቢያንስ 35 በመቶ ማሳለፍ አለባቸው። የፊት ቀለሟን ከጠጠር የሚከላከል ግልጽ ፊልም ጥሩ ነው። የማርሽ እጀታ እንደ ወደዳችሁ። ትልቅ የኋላ ክንፍ ይቅር።

ምንም ነገር ስትቀይሩ ለኢንሹራንሳችሁ ንገሩ። ሳይነገራቸው የተገጠመ ዕቃ አደጋ ቀን ላይከፈል ይችላል፣ ውሉን አንብቡ። የሚወጣውን የፋብሪካ ዕቃም አትጣሉ፣ ጋራዥ ውስጥ በካርቶን አስቀምጡት። ስትሸጧት ገዢው የሚፈልገው ያልተነካችውን ነው፣ የነካኳት ያለውን ሰው ሁሉም በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ወደ ሀገር ቤት እልካታለሁ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሰሩ መኪኖችን ማስገባት ስለከለከለች ያ ሀሳብ አይሰራም።

"አይ፣ እኔ ጉልበት ነው የምፈልገው" የሚል ሰው ካለ እሱንም አልከለክለውም። ግን ሂሳቡን ይስራ። የቱርቦ ወይም የሱፐርቻርጀር ዕቃው፣ መግጠሚያው፣ ቲዩኑ፣ ከዚያ የሚከተለው ፍሪሲዮን እና ማቀዝቀዣ ተደምሮ በቀላሉ 8 ሺ እና 10 ሺ ዶላር ይደርሳል። የመኪናዋ ዋጋ ሲጨመርበት 40 ሺ አለፈ። በዚያ ብር ላይ ጥቂት ሺ ዶላር ሲጨመርበት ከፋብሪካ 480 ፈረስ ያለው፣ 5.0 ሊትር ባለስምንት ሲሊንደር ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ አለ፣ ሙሉ ዋስትና ይዞ። ጉልበት የሚወድ ሰው ጉልበት ያለውን መኪና ይግዛ። ጂአር86 የምትገዛው ቀላል ስለሆነች፣ ኩርባ ስለምትወድ፣ በተፈቀደ ፍጥነት ውስጥም ስለምታዝናና ነው።

እንዳለች ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ10 ውስጥ 9 እሰጣታለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለጎማው ጩኸት እና ለዚያ የስፒከር ድምፅ ነው። እኔ ያዘዝኩት የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው፣ የፍሬን ዘይት እና የሰሚት ፖይንት ቀጠሮ ነው። አሁን የሚያጓጓኝ ያ የሳክስ ሾክ ነው። የእሱን ሞዴል የነዳ ሰው ካለ፣ ከተራው ጋር ሲነፃፀር ጉድጓድ ላይ ምን ያህል እንደሚለይ ንገሩኝ፤ የኔዋ ላይ ማስገጠም ዋጋ አለው ወይ የሚለውን ለመወሰን እሱን ነው የምጠብቀው።